ከካራቆሬ በላይ ያለው ገደል ዕድሜና የኒውትሮን ልኬት

ካራቆሬ ከተማ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ገደል የእሳተ ገሞራ ዓለት ንብርብር ነው። በስተምሥራቅ የይፋት ቆላ ወደ አፋር ይወርዳል። መሬቱ ዛሬም አላረፈም፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የተነሣው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሶ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። የገደሉ ዓለት መቼ እንደፈሰሰ ለማወቅ ሳይንስ ኒውትሮንን ይጠራል።

ዓለት ውስጥ ያለው ፖታስየም 40 እጅግ በዝግታ ወደ አርጎን 40 ይለወጣል። አርጎን ጋዝ ስለሆነ ከቀለጠ ላቫ ያመልጣል፤ ላቫው ከረጋ በኋላ ግን ክሪስታል ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ዕድሜ የሚገኘው ጋዙን ከወላጁ ጋር በማነጻጸር ነው። ነገር ግን አንዱ ጋዝ፣ ሌላው ጠጣር በመሆናቸው ለየብቻ መለካት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ክሬግ ሜሪሁና ግሬንቪል ተርነር መላ አገኙ፤ ናሙናው የኑክሌር ሪአክተር ውስጥ ሲገባ ፈጣን ኒውትሮን ፖታስየም 39ን መትቶ ይገባና ፕሮቶን ያስወጣል፤ አቶሙም አርጎን 39 ይሆናል። አርጎን 39 የወላጁን ፖታስየም መጠን ስለሚያመለክት አሁን ሁለቱም በጋዝ መልክ ይለካሉ።

ስንቱ ኒውትሮን ገባ? ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የሪአክተር የኒውትሮን ፍሰት በየስፍራው ይለያያል። ስለዚህ ከናሙናው ጎን ዕድሜው የታወቀ ክሪስታል ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የኮሎራዶው ፊሽ ካንየን ሳኒዲን ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከሉሲ ሥር ያለው የሐዳር አመድም 3.18 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ኒውትሮን አቶም ሲመታ የሚሆነውን መለካት ከዕድሜ ቆጠራ ውጭም ይሠራል። የሚለካው የአቶም ዓይነት (አይሶቶፕ) ራሱ ጨረር የሚረጭ ሲሆን ግን ሥራው ይከብዳል፤ ኒውትሮን ሲያዝ የሚወጣው ጋማ በናሙናው ጨረር ይዋጣል። በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ 160 የባሪየም ፍሎራይድ ክሪስታሎች ናሙናውን ዙሪያውን ከበው፣ በአንድ ጊዜ የወጡትን ጋማዎች ጉልበት ይደምራሉ። ድምሩ የተያዘውን ኒውትሮን ከሌላው ጨረር ይለያል። 

ኢትዮጵያ የምርምር ሪአክተር የላትም፤ የዓለት ናሙናዎቿ ባሕር ይሻገራሉ። የልኬቱ መጀመሪያ ግን ከሪአክተሩ ይቀድማል። የበሰበሰ ዓለት አርጎኑ ሾልኮበት ዕድሜውን ሊያሳንስ ይችላል፤ ስለዚህ ያልበሰበሰው ዓለት በመዶሻ ተፈልጦ፣ ተደቅቆ፣ ንጹሑ የፌልድስፓር ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቀማል። ይህ ሥራ ከካራቆሬና ከሸዋ ሮቢት ተማሪዎች እጅ የራቀ ሊሆን አይገባም።