እግሩን ያጣ ሰው ውዱእና ጀማዓ



በአስኮ እግራቸውን ያጡ ወንድሞች «ውዱኣችን ጎዶሎ ነው» ብለው ከጀማዓ ሲቀሩ እናያለን። ዑለማዎቻችን ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ለተቆረጠ እግር የማጠብ ግዴታ የለም ብለዋል። ስለዚህ ለውዱእ ሰው ሠራሹን እግር ማውለቅ አያስፈልግም፤ ለጉስል ግን ይወልቃል። ከዚያም የተቆረጠውን ቦታ በደንብ ማድረቅ ነው፤ እርጥበት ታፍኖ ከዋለ ቆዳው ይቆስላል። ከቆሰለም ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም ነው፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አካል የሚያሳፍራቸውም አሉ። ሶሐባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በኩላብ ውጊያ አፍንጫቸውን አጥተው ከብር አሠሩ። ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው፤ ያውም ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ!

በመስጂድ በር ቆማችሁ «አውልቅ!» የምትሉ ወንድሞችም፣ ጫማውን እንጂ እግሩን አታስወልቁት።