ጉዞን አስቀድሞ ማለማመድ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅና የአውሮፕላን መንገድ



መሐንዲስ አዲስ የተተከለን ማሽን በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይሉ አያስነሣውም። በየክፍሉ ይፈትሸዋል፤ ያለ ጭነት ያዞረዋል፤ ጭነቱንም ቀስ በቀስ ይጨምርበታል። ይህን ትዕግሥት ለብረት የማይነፍግ ሰው ግን፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጁን አንድ ማለዳ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ያለ አንዳች ዝግጅት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ልጁ በፍተሻው በር ላይ ሲጮኽና መሬት ላይ ሲወድቅም ጥፋቱ የልጁ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ ለቤተሰቡ የሚታዩት መንገዶች ሁለት ብቻ ይሆናሉ፤ ወይ ሁሉም ከቤት መቅረት፣ ወይም ልጁን ለዘመድ ትቶ መሄድ። የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማስረዳት ነው።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ዶክተር ሊዮ ካነር በአሜሪካ የዐሥራ አንድ ሕፃናትን ሁኔታ መርምረው ጽሑፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ ከመዘገቧቸው ምልክቶች አንዱ፣ ልጆቹ የለመዱት ነገር ሳይለወጥ እንዲኖር የነበራቸው ብርቱ ፍላጎት ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን ከሌላው ሰው በተለየ ኃይል ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹም በቃል አይናገሩም። በአዲስ አበባ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው፣ ልጅን ከእንግዳ ዓይን ሸሽጎ የማኖርን ልማድ በአደባባይ ተቃውመዋል። ልጁን ከጉዞ ማስቀረትም የዚያው ልማድ ሌላ መልክ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ የሰባት ዓመት ልጅ ያለው አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ባሕር ዳር ለመብረር አስቧል ይባል። ዝግጅቱ ከበረራው ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ይጀመራል። በመጀመሪያ የጉዞው ደረጃዎች ሁሉ በሥዕል ወይም በፎቶግራፍ ተይዘው በቅደም ተከተል በደብተር ላይ ይለጠፋሉ፤ የቤቱ በር፣ ታክሲው፣ ፍተሻው፣ የመጠበቂያው አዳራሽ፣ መቀመጫው፣ የሆቴሉ አልጋ፣ በመጨረሻም እንደገና የቤቱ በር። ይህ የመጨረሻው ሥዕል ከቶ መቅረት የለበትም፤ ልጁ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የሚያረጋግጥለት እርሱ ነውና።

ቀጥሎ ድርጊቱ በቤት ይለመዳል። ልጁ ጫማውን አውልቆ በሣህን ላይ ያስቀምጣል፤ ቦርሳውን በጠረጴዛ ላይ ያሳልፋል፤ በበሩ መቃን ሥር እጆቹን ዘርግቶ ያልፋል። የጆሮ መሸፈኛውንም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እያደረገ ይለምደዋል። በጉዞው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚደረግ ነገር፣ አዲስ ልብስና አዲስ ጫማ ሳይቀር፣ ሊኖር አይገባም። ለአየር መንገዱም አስቀድሞ ማስታወቅ ያሻል፤ የአእምሮ ወይም የእድገት ጉዳት ኖሮበት እርዳታ የሚያስፈልገው መንገደኛ በአየር መንገዶች መካከል ዲ.ፒ.ኤን.ኤ. በሚል የታወቀ ምልክት ይመዘገባል።

የጆሮን ነገር መሐንዲስ ከማንም ይልቅ በቀላሉ ሊረዳው ይገባል። የመንገደኛ አውሮፕላን የውስጥ አየር በተለመደው በረራ ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። የቦሌ ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ሲነሡ ጆሮ ብዙ ለውጥ አይሰማውም። ችግሩ የሚመጣው ሲወርዱ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ በባሕር ጠረፍ ወዳሉ ከተሞች የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ለውጥ ይገጥመዋል። መናገር የማይችል ልጅ «ጆሮዬን አመመኝ» አይልም፤ ይጮኻል። በጎረቤት ወንበር የተቀመጠው ሰው ያልተቀጣ ልጅ ያየ ይመስለዋል እንጂ፣ የሰማው የሕመም አቤቱታ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ለልጁ የሚጠጣ ወይም የሚያኘክ ነገር ይሰጠዋል፤ ይህም በቤት ሳለ ሊለመድ ይችላል።

ነገር ግን ዝግጅቱ እጅግ የጠበቀ ከሆነ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በድልድይ ላይ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይጣመም ክፍተት ይተውለታል። በሥዕሉ ደብተርም ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም «መጠበቅ» የሚል ካርድ ነው። በረራው ሲዘገይ ያ ካርድ ይወጣል። ልጁ ካርዱን ቀደም ሲል በሐኪም ቤትና በታክሲ ሰልፍ ላይ ስለሚያውቀው፣ መዘግየቱም ራሱ ከታወቁት ነገሮች አንዱ ይሆንለታል።

የዕረፍቱም አኗኗር በልጁ መጠን ይለካል። ሐይቁን ዞሮ ገዳማቱን ሁሉ በሦስት ቀን ማየት ግዴታ አይደለም፤ በቀን አንድ ጉብኝት፣ ከዚያም በተለመደው ሰዓት የተለመደ ምግብና ዕረፍት ይበቃል። በዚህ ሁሉ መካከል የማይዘነጋ አደጋ አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከሰው ተለይተው ይሄዳሉ፤ ውሃም ይስባቸዋል። ስለሆነም በጣና ዳር ያረፈ ቤተሰብ የክፍሉን መዝጊያ ይፈትሻል፤ ከአዋቂዎቹም አንዱ ሁልጊዜ ተረኛ ጠባቂ ይሆናል። «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። የወላጅ ስልክ የተጻፈበት ወረቀትም ከልጁ ኪስ መለየት የለበትም። ተራው ለእናት ብቻ ከተጣለ ግን ዕረፍቱ ለእርሷ ዕረፍት አይሆንም።

ቤተሰብ የድርሻውን ሲፈጽም የሕንፃው ባለሙያ ድርሻ ይቀራል። በለንደን አጠገብ ያለው የጌትዊክ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበትን የአንገት ማንጠልጠያ አስጀመረ፤ ይህን ያጠለቀ መንገደኛ በዓይን የማይታይ ጉዳት እንዳለበት ሠራተኞቹ ያውቃሉ። በአሜሪካ በፒትስበርግ ማረፊያ ደግሞ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ የማረፊያው ሠራተኛ ባቀረበው ሐሳብ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የአውሮፕላን የውስጥ አምሳያ ያለበት ጸጥ ያለ ክፍል ተከፈተ። ልጁ ከመሳፈሩ በፊት መቀመጫውን በዚያ ይለማመዳል።

እንዲህ ያለው ክፍል በፕላን ላይ ሳለ ጥቂት ካሬ ሜትር ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃል። የማኅበሩ አባላት ወደፊት የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ወይም የሐኪም ቤት ፕላን ሲዘረጉ፣ ከመጠበቂያው አዳራሽ አጠገብ ድምፁ የተቀነሰና ብርሃኑ የለዘበ አንድ ክፍል እንዲመድቡ በአክብሮት ይጠየቃሉ። በዚያ ክፍል የሚያርፈው ልጅ ዛሬ ከወንድሞቹ ተለይቶ በዘመድ ቤት የቀረው ነው።