አስም እና የምንኖርበት ቤት

ስለ አስም ተናገር ስትሉኝ የጠበቃችሁት ስለ መድኃኒት ይሆናል። እሱን አልዘለውም፤ ግን ከቤት ልጀምር።

ዌስት ሲያትል ያለውን ሃይ ፖይንትን ታውቁታላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ እንደገና ሲገነባ፣ የከተማው የቤቶች ባለሥልጣን፣ ሀውዚንግ የምንለው፣ አስም ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች መጀመሪያ 35፣ በኋላ በድምሩ 60 ቤቶችን ለይቶ ሠራ። ወለላቸው ምንጣፍ የለውም፣ ተወልውሎ ይጸዳል። የውጭውን አየር አጣርቶ የሚያስገባ ማራገቢያ አላቸው። እርጥበት እንዳይገባም ታስቦባቸዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ልጆቹ በአሮጌው ቤት ከ14 ቀን ውስጥ ያለ ሕመም የሚያሳልፉት በአማካይ 7.6 ቀን ነበር። በአዲሱ ቤት ዓመት ሲሞላቸው 12.4 ደረሰ። በሦስት ወር ውስጥ ለአስቸኳይ ሕክምና የሄዱትም ከመቶ 62 ወደ 21 ወረዱ። ቤታቸው ሳይቀየር የጤና ሠራተኛ እየተመላለሰ ያስተማራቸው ልጆችም ተሽሏቸዋል። ስለዚህ አዲስ ቤት ያልደረሰን ተስፋ አንቁረጥ።

እኔን የሚያናድደኝ፣ ልጅ ባሳለ ቁጥር «ብርድ አስመታሽው» እየተባለች እናት መወቀሷ ነው። ግድግዳው ሻግቶ ሳለ እሷ ምን ታድርግ? ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተነገረው ማስረጃ አይሆናችሁም። የዋሽንግተን ሕግ አብዛኛውን ጥገና ደብዳቤው ከደረሰው በ10 ቀን ውስጥ እንዲጀምር ያስገድደዋል። ቅሬታ አቀረባችሁ ብሎ ሊበቀላችሁም አይችልም። የደብዳቤውን ቅጂ ግን አትጣሉ።

አሁን ወደ ጓዳችን። ዕጣን! ፊታችሁ ሲለወጥ አየሁ። ተዉት አልልም፤ ጭሱ ግን አስም ያለበትን ልጅ ያፍነዋል፣ እሱ በሌለበት አጭሱ። ቡና ስትቆሉ፣ በርበሬ ስታምሱ የምድጃውን ማራገቢያ ክፈቱ፣ ልጁም ክፍል ይቀይር። የሰደድ እሳት ጭስ ከተማውን በሚሸፍንባቸው የበጋ ቀናት ደግሞ መስኮት ዝጉ። ከሰል ቤት ውስጥ በፍጹም አታንድዱ፤ ከአስምም አልፎ ይገድላል።

መድኃኒቱ ላይ የማየው ችግር አንድ ነው፤ ልጁ ደህና ሲሆን የየዕለቱን ኢንሄለር ማቆም። ሲያፍነው የሚሳበው ማስታገሻ ለጊዜው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውስጡ ያበጠውን የሚያበርደው ግን የየዕለቱ ነው። «ሱስ ያስይዛል» ይባላል፤ አያስይዝም። ከሳበ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ። ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለገው አስሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ይወቅ። ለአንዳንዱ አሁን ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ኢንሄለር ይታዘዛል፤ እሱንም ጠይቁ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ያለ ክፍያ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበትን የአስም መመሪያ ወረቀት ተቀበሉ፤ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ነርስ ይሰጥ። ቀዩ ላይ ከደረሰ፣ መናገር እስኪያቅተው ካፈነው፣ 911 ደውሉ፤ ዘመድ መጥቶ እስኪያደርሳችሁ አትጠብቁ።

ኢንሄለር የያዛችሁ ከውይይቱ በኋላ እዚህ ጠረጴዛ ጋ ኑና እንዴት እንደምትስቡ አሳዩኝ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን ምላሱ ላይ ነው የሚያስቀረው። ስፔሰር የምትባለውን ቱቦም አምጥቻለሁ፣ እንሞክራታለን።