የአእምሮ ሕመም፣ የቀን ሥራና የእድራችን መዝገብ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ካፒታሊዝምና የአእምሮ ሕመምተኛን ማግለል ስለሚገናኙበት ነገር ነው። ርእሱ ከበድ ያለ ይመስላል፤ መድረሻው ግን እዚሁ የእድራችን መዝገብ ላይ ነውና ታገሡኝ።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ሕመምተኛን መናቅ ያመጣው ካፒታሊዝም ነው ይላሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ጋፋት እንይ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰውም ከዚህ ተጎትቶ ነው። በዚያ ዘመን ማረሻና ማጭድ የሚሠራልን ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» ይባል ነበር። አንዱ አቅሉን ሲስት ደግሞ «ቡዳ በላው» ይባላል፤ አንዱን የተናቀ በሌላው የተናቀ ማሳበብ ማለት እኮ ይሄ ነው። በደርግ ዘመንም ካፒታሊዝም ተወገዘ እንጂ ሕመምተኛው ከመገለል አልዳነም። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲኖር፣ ስሙ መሳደቢያ ሆነ።

ታዲያ ገበያው ምን ጨመረ? ሰውን በቀን ዋጋ መመዘን ጨመረ። በገበሬ ቤት የታመመ ልጅ ደህና በሆነበት ቀን ድንች ይለቅማል፣ ከብት ይጠብቃል፤ ባልሆነለት ቀን ይተኛል፣ ወንድሙ ይሸፍንለታል። (ገነት ነበር አላልኩም፤ ቤት ውስጥ በሰንሰለት የታሰረም አለ።) ቀን ሥራ ላይ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ያልተገኘ፣ እስከ አሥራ አንድ ያልዘለቀ ዋጋ የለውም። የሚውጠው መድኃኒት ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ እንደሚያስይዘው የሚጠይቀው የለም።

ይህን ስል ራሴን ነፃ አላወጣም። ግንበኛ ሆኜ ሰው በማሠራበት ጊዜ ሲሚንቶ የሚያቦካ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። ታመመ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ታክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ተሽሎኛል፤ ውኃ እንኳ ላመላልስ» አለኝ። «ሥራ የለም» አልኩት። ሥራ ነበር። እሱን ፈርቼ አይደለም፤ ቤቱን የሚያሠራው ሰው አይቶ ሥራውን እንዳይነጥቀኝ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «ቢድን ኖሮ ሥራ ይይዝ ነበር» ይለው ጀመር። ሥራ የነሣሁት እኔ፣ ያልዳነ የተባለው እሱ!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ለዕለት ሠራተኛ ግን ማን ፈቃድ ይፈርምለታል?

ቤተሰብስ ለምን ይደብቃል? ቡታጅራ አካባቢ በሕመምተኞች ቤተሰቦች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከመቶ 75 ያህሉ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በእኛም ዘንድ ከታወቀ ባለሱቁ ዱቤ ይከለክላል፤ እቁቡ «ዕጣ ከወጣለት በኋላ ማን ይከፍላል?» ብሎ ተጨማሪ ዋስ ይጠይቃል፤ የቤቱን ሴት ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። ስለዚህ ጠበልም ሆነ ሐኪም ቤት በጨለማ ይወስዱታል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ክኒኑን ሲያስጥሉት ነው የምቃወመው።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ ከሚታከሙት ጥቂቶቹን፣ የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ደገፏቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደተገለጸው፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ የዕለት ኑሮ ተሻለ። ሰፈር ማድረግ የሚችለው ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን። ባለፈው ዓመት እግሩ ለተሰበረ አባላችን እጃችንን አውጥተን የስድስት ወር መዋጮ ማርነው። በዚያው ዓመት ሦስት ወር ስላልከፈሉ የሰረዝናቸው ቤቶች አሉ። ከእነርሱ መካከል ልጃቸው በአእምሮ ሕመም የተያዘባቸው እንዳሉ ሁላችንም እያወቅን፣ አንድም ሰው አልተነፈሰም። እኔም አልተነፈስኩም።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በደንባችን «ሕመም» የሚለው ቃል የአእምሮንም ሕመም እንደሚጨምር ይጻፍ። በዚህ ምክንያት የተሰረዙት ውዝፍ ሳይጠየቁ ይመለሱ። ማስረጃቸውን ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ብቻ ይዩት እንጂ በስብሰባ አይነበብ። ለእድሩ ዕቃ ቤት የታሰበውም አጥር ሲሠራ፣ ግማሽ ቀን ብቻ መሥራት የሚችል ሰው የግማሽ ቀኑ ተከፍሎት ይግባ።

ድምፅ የሚሰጠው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የምትቃወሙም ካላችሁ፣ መጥታችሁ በግልጽ ተናገሩ።