የአንድ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያ ዋጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በኤሌክትሪክ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



 ሌሎቹ ክበቦች ስለ ታሪክና ስለ ጤና ጥበቃ ሲናገሩ፥ እኛ ስለ አንድ አሮጌ የልጆች መጫወቻ መናገራችን ምናልባት ያስቃችሁ ይሆናል። መሳቁን አንከለክልም፤ እኛም አስቀድመን ስቀናል። ነገር ግን ይህ ዕቃ ሁለት ወር ሙሉ ሲያከራክረን ስለ ቆየ፥ ነገሩን እንደ ሆነው እንነግራችኋለን።

ባለፈው ጥቅምት፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡና ዛሬ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ሰው፥ በእናታቸው ቤት ተቀምጦ የነበረ አንድ ካርቶን ለክበባችን ሰጡ። በውስጡ ሱፐር ኒንቴንዶ የሚባለው የጨዋታ መሣሪያ፥ ሁለት ጆይስቲክና ሦስት ካሴት ነበረ። አክስታቸው በ1986 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያመጡላቸው ነው። «ሸጣችሁ ለቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ መግዣ አድርጉት» የሚል መልእክትም ልከውልናል። ለማይክሮስኮፑ የጎደለን 10,000 ብር ነበር።

የመጀመሪያው ሥራችን ዋጋውን መቀነስ ሆነ ብንል እውነት ነው። መሣሪያው ይሠራ እንደ ሆነ ለማየት ቸኩለን አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ ሰካነው። በጀርባው 120 ቮልት የሚል ተጽፎበታል፤ የአገራችን መብራት ደግሞ 220 ነው። ጽሑፉን ለማንበብ የሚያንሰን ሰው አልነበረም፤ ያነበበ ግን የለም። ጥቂት ሸተተ፥ ከዚያም ዝም አለ። ይህን ያደረግነው የኤሌክትሪክ ክበብ አባሎች ነን።

ደግነቱ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ለመሣሪያው የሚገባው 10 ቮልት ስለሆነ ለዚህ የሚስማማ አዳፕተር ፈለግን፤ ነገር ግን የሶኬቱ ጫፍ ከሌላው ሁሉ የተለየ ሆነብን። አንድ ሽማግሌ ራዲዮ ጠጋኝ የአሮጌውን ገመድ ጫፍ ቆርጠው ከአዲሱ ጋር በጠየሉልን። መሣሪያው በራ፤ ሙዚቃውም ተሰማ። ጋሼ ገንዘብ አልተቀበሉንም፤ ግን ሁለት ጊዜ ተጫውተው ሁለቱንም ጊዜ አሸነፉን።

ከዚያ ወዲያ ስንት እንበል የሚለው ክርክር ተነሣ። አንዱ አባላችን ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለ ካሴት በሐምሌ ወር 2021 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ በጨረታ 1,560,000 ዶላር መሸጡን አንብቦ ኖሮ፥ ማይክሮስኮፑን ትቶ ስለ አዲስ ሕንፃ ያወራ ጀመር። ሌላይቱ ደግሞ «ይህ ለቆራሌው የሚሰጥ ነው» አለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያ በሚሊዮን የተሸጠው ካሴት ከፋብሪካ እንደ ወጣ የታሸገ፥ ማንም እጅ ያልነካው ነበር፤ የኛን ግን ሁለት ወንድማማች ዓመታት ሙሉ ተጫውተውበታል።

እርጅና ብቻውን ዋጋ እንደማይሆንም ተረዳን። ሱፐር ኒንቴንዶ በዓለም ላይ ወደ 49 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል፤ ሱፐር ማሪዮ ወርልድ የተባለው ካሴት ብቻ እንኳ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። እንዲህ የበዛ ነገር ቢያረጅም በቀላሉ ይገኛል። ኧርዝባውንድ የሚባለው ግን በ1995 አሜሪካ ገብቶ ገዢ ስላጣ፥ ዛሬ ካሴቱ ብቻውን ከመሣሪያው ይበልጣል። እኛ ዘንድ ይህ የለም፤ ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ፈትሸናል።

በኢንተርኔት ስንመለከት ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ እጅግ ይለያያል፤ እስከ 400 ዶላር የጠራም አይተናል። መርካቶ ሄዶ ሻጩ በአፉ የጠራውን «የዕቃው ዋጋ ይህ ነው» ብሎ የሚመልስ ልጅ እናቱ ምን እንደምትለው ታውቃላችሁ። ስለዚህ የተጠራውን ትተን ተሽጦ ያለቀውን ብቻ ጻፍን፤ ኢቤይ የተባለው ገበያ ይህን ለይቶ ያሳያል። ከሁለት ጆይስቲክ ጋር የተሸጡት በ80 እና በ130 ዶላር መካከል ሆነው አገኘናቸው። መሣሪያው በ1991 አዲስ ሳለ 199 ዶላር ስለ ነበረ፥ የገንዘቡ መርከስ ሲታሰብ ዛሬም ከአዲሱ እጅግ ያነሰ ነው።

ነገር ግን ያ የአሜሪካ ዋጋ ነው። ከዚህ እዚያ ለመላክ የፖስታው ሒሳብ አለ፤ ገበያውም ከመቶ ወደ 13 የሚሆን ይወስዳል። ዶላሩን ወደ ብር እንለውጥ ብንል ደግሞ፥ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የወሩ መጀመሪያ ሒሳብ ለወሩ መጨረሻ አልሆን አለን። ስለዚህ ገዢውን በከተማችን ፈለግን።

ከዚያ በፊት ዕቃውን አጸዳን። ሁላችንም የካሴት አፍ እፍ እያልን ነው ያደግነው፤ የትንፋሽ እርጥበት ግን ብረቱን ያበላሻል፤ ጥጥና አልኮል ይበቃል። የፕላስቲኩን ቢጫነት እንዳለ ተውነው። ማሪዮ የሚባለው ካሴት በውስጡ ያለው ባትሪ ስለ ሞተ ጨዋታውን አያስቀምጥም፤ ይህንንም፥ የተቀጠለውን ገመድም በወረቀት ጽፈን ከዕቃው ጋር አኖርን። «ሳይጠየቅ ጉድለቱን የሚናገር ነጋዴ የት አለ?» ያሉ ነበሩ። ድምፅ ሰጠን፤ 9 ለ 4 ወረቀቱ ይኑር ተባለ።

የቡና ቤት ባለቤት የሆኑ አንድ ሰው መጥተው ወረቀቱን አነበቡ፤ ሁሉንም በአንድነት በ12,000 ብር እንገዛለን አሉ፤ ይልቁንም ዜልዳ የተባለውን ካሴት ይፈልጉት ነበር። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዜልዳውም ባትሪ አሮጌ ስለሆነ እንዲለወጥ።

ካሴቱን ከፍተን ከመንቀላችን በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አበራነው። ሦስት ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፈው ታዩን። ባትሪው ከተነቀለ ይጠፋሉ። ጋሼ ሌላ ባትሪ ጎን ለጎን አያይዞ መለወጥ እንደሚቻል ነገሩን፤ «እጄ ግን እንደ ድሮው አይደለም» አሉ። የስሞቹን ፎቶግራፍ አንሥተን ወደ ሜሪላንድ ላክን።

መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሁለተኛው ስም በ1994 ዓ.ም. በሕመም የሞተ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ስሙ እዚያ መኖሩን ረስተውት ነበር። «የሰጠሁትን መልሼ መጠየቅ ነውር ነው፤ እናንተ እንደ ወሰናችሁ ይሁን» ብለው ጻፉ።

በዚያ ቀን ድምፅ አልሰጠንም፤ አላስፈለገም። ለቡና ቤቱ ባለቤት ዜልዳ እንደሌለ ነገርናቸው፤ ምክንያቱንም ጠየቁ። ለቀሪው 8,500 ብር ከፈሉ፤ ከዚያ በታች ሊከራከሩን ይችሉ ነበር፥ አልተከራከሩም። የጎደለውን 1,500 ብር በየሳምንቱ ከኪሳችን እያዋጣን ነው፤ እስከ ዛሬ 940 ደርሷል።

ካሴቱ በምክትል ዲሬክተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከወላጆች መካከል ወደ ሜሪላንድ የሚሄድ ቢኖር፥ ክብደቱ ከአንድ ደብተር አይበልጥም።