መድን የሚቀበል የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ወዴት ይገኛል?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከወገራ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ከተማ ለሕክምና የሚመጣ ሰው በእጁ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ከበታች ጤና ተቋም የተጻፈለት የሪፈር ወረቀት፣ ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሩ ነው። ወደ መስኮቱ ሲጠጋም የሚጠይቀው አጭር ነው፤ «ይህ ደብተር እዚህ ይሠራል ወይ?» ለሳንባ ምች፣ ለትርፍ አንጀት፣ ለተሰበረ አጥንት መልሱም አጭር ነው፤ ይሠራል። ሕመምተኛው ግን ከስትሮክ ሕይወቱ ተርፎ አንድ እጁ አልታዘዝ ብሎት ከሆነ፣ ያንንም እጅ ወደ ሥራው የሚመልስለት ሰው የሚፈልግ ከሆነ፣ መልሱ ይረዝማል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ የሚረዝመው መልስ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መባል ይኖርበታል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ገና የጸና የአማርኛ ስም አላገኘም። «የሥራ ሕክምና» የሚሉት አሉ፤ ሰሚው ግን በፋብሪካ ግቢ ያለ ክሊኒክ ይመስለዋል። «የሙያ ሕክምና» የሚሉትም አሉ፤ ይህ ደግሞ ሽመና ወይም ልብስ ስፌት ማስተማር ያስመስለዋል። እንግሊዝኛውም ቢሆን በገዛ አገሩ ሰሚውን ከማደናገር አልዳነም። በዚህ ሙያ «ሥራ» የተባለው ደመወዝ የሚከፈልበት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ተመልሶ እስኪተኛ ድረስ የሚያከናውነው ሁሉ ነው፤ ፊት መታጠብ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ መጉረስ፣ መጸዳዳት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ልጅ ማዘል ሁሉ ይገባበታል። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ ማኅበር ሲያቋቁም ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የተባለ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር። ባርተን ሐኪም አልነበረም፤ የግራ ጎኑ ሽባ ሆኖበት በአትክልትና በእንጨት ሥራ ራሱን ለማዳን የታገለ ሕመምተኛ ነበር እንጂ።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ከደባርቅ ወዲያ በአንዲት ቀበሌ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፣ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ያደከመባቸው እናት አሉ እንበል። ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ፊዚዮቴራፒስቱም በምርኩዝ እንዲራመዱ አድርጓቸዋል። በመዝገቡ ላይ «ተሽሏቸው ወጡ» ተብሎ ተጽፏል። ቤታቸው ሲገቡ ግን ምጣዱ ይጠብቃቸዋል። እንጀራ መጋገር ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የሁለት እጅ፣ የወገብና የጉልበት ሥራ ነው። እሳቱ ይቆሰቆሳል፤ ምጣዱ ይታሰሳል፤ ሊጡ ከዳር ወደ መካከል እየዞረ ሳይቋረጥ ይፈስሳል፤ ከባዱ አክንባሎ ይከደናል፣ ይነሣል፤ እንጀራው በሰፌድ ይወጣል፤ እንደ ገናም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቀኝ እጁ የደከመ ሰው በግራው ሊጡን ቢያፈስስ እንኳ አክንባሎውን ለማንሣት ይቸግረዋል። ስሜቱ የደነዘዘ እጅ ደግሞ እሳት ሲነካው ወዲያው አያውቅም፤ ቃጠሎው የሚታየው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ተግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተቀምጠው እንዲጋግሩ ምድጃው ከመሬት ከፍ እንዲል፣ አክንባሎው በቀላል የቆርቆሮ ክዳን እንዲለወጥ፣ የክዳኑ መያዣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲወፍር፣ ሊጡ የሚቀዳበት ዕቃ እንዲያንስ ያደርጋል። ደካማው እጅም ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ማሰሻውን በመያዝ ይለማመዳል። ሕመምተኛው ገበሬ ቢሆን መላው ሌላ ነው። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ አንዱ እጅ ሲከዳው በሬ የሚነዳለት ልጅ ከጎኑ ማቆም ግድ ይሆንበታል። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ነው። ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቤቱንና ማሳውን ያየ ባለሙያ ነው።

እንዲህ ያለ ባለሙያ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን፣ ከውጭ ከመጡ ወይም በውጭ ከተማሩ ጥቂቶች በቀር፣ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ ትምህርቱን በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ከጀመረው ትብብር በኋላ ነው። ባለሙያው የሚሠለጥንባት ከተማና የሰሜን ጎንደር ሕመምተኛ በሪፈር የሚላክባት ከተማ አንዲት ናቸው ማለት ነው። ተመራቂዎቹ ገና ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም ሌላው አካባቢ ያላገኘው ዕድል ነው።

ወደ መድኑ እንመለስ። የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ታወጀ። የመንግሥትና የድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ እያዋጣ እንዲታከም የታሰበበት ይህ ዐዋጅ በሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖረ። ለገበሬውና በግል ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ግን ቀደመው፤ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ለሙከራው የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና የጎንደር መንገደኛ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ የሚያቋርጣት ፎገራ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተስፋፋ። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ የድሃ ድሃ ተብሎ ለተለየው መንግሥት ይከፍልለታል። ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ይጀምርና በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል፤ ተቋሙም የሰጠውን አገልግሎት በዋጋ ዝርዝሩ መሠረት መዝግቦ ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መድኑ ውል የሚዋዋለው ከተቋም ጋር እንጂ ከግለሰብ ባለሙያ ጋር አይደለም። ስለዚህ «መድን የሚቀበል ቴራፒስት» ብሎ በስም መፈላለግ በዚህ አገር ፍሬ የለውም። መጠየቅ ያለበት ውል ያለው ተቋም የትኛው ነው፣ በዋጋ ዝርዝሩስ ላይ ይህ አገልግሎት በስሙ ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። ካልተጻፈ ባለሙያው በነጻ ይሠራል፣ ወይም ሥራው በፊዚዮቴራፒ ስም ይመዘገባል፣ አለዚያም ሕመምተኛው ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። በነጻ መሥራት ለጊዜው ደግነት ነው፤ በተቋሙ ሒሳብ ግን ያ ክፍል ገቢ የማያስገባ ሆኖ ይታያል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም ተራው የመጨረሻ ይሆናል። በሌላ ስም መመዝገብ ከሁሉ የባሰ ነው። ባለሙያው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይከርምና በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲገለጥ አንድም ሰው እንዳላከመ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ «ፈላጊ የለውም» የሚል የበጀት ባለሥልጣን ሊወቀስ አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የቦታ ነው። የመድኑ ሥርዓት የተቃኘው በተቋም ውስጥ ለሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ምጣዱ ያለው ግን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከጃናሞራ ገደላ ገደል ወደ መኪና መንገድ ለመውጣት ደግሞ እግርና በቅሎ ያስፈልጋል። የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውንና የአስታማሚውን ቀለብ መድኑ አይከፍልም። እንዲህ ያለው ሕክምና በአንድ ቀን አያልቅም፤ መመላለስን ይጠይቃል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋ ጊዜም ቀጠሮው ይቀራል፤ የቀረ ሰው እንደ ገና ሪፈር ለማጻፍ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። መታወቂያው የታደሰ፣ መዋጮውም የተከፈለ ሆኖ ሳለ ሕክምናው የማይደረስበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ተፈታ ቢባል፣ ጀርመንን ማየት ይበቃል። በዚያ የሕዝብ ጤና መድን ይህን ሕክምና በሐኪም ማዘዣ ይከፍላል። ዐዋቂ ሕመምተኛ ከዋጋው 10 በመቶና ለእያንዳንዱ ማዘዣ 10 ዩሮ ያዋጣል፤ ሐኪሙ ካመነበትም ባለሙያው ወደ ሕመምተኛው ቤት እንዲሄድ በዚያው ማዘዣ ላይ ያዝዛል። የኢትዮጵያ ገንዘብ ከጀርመን ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን በማዘዣው ላይ «በቤት» የሚል አንድ ቦታ ለመተው ሀብት አያስፈልግም።

ሆኖም የመድኑን ባለአደራዎች ክርክር በቸልታ ማለፍ አይገባም። የወረዳው መድን ካዝና ውስን ነው። መድኑን የከፈለ ገበሬ ዋና ቅሬታው በጤና ጣቢያው የታዘዘለትን መድኃኒት ማጣቱ ነው። አንቲባዮቲክ ባልተሟላበት ለምድጃ ማስተካከያ መክፈል ቅንጦት አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለስሜት ተብሎ በሰብአዊ መብት ንግግር ብቻ ሊመለስ አይችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ማቋቋሚያ ሀብት እንደሚመድብ ይናገራል፤ «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ግን ለተከራካሪው ሁሉ በር ይከፍታል። የተሻለው መልስ ሒሳብ ነው። የተጠቀሱት እናት ካልጋገሩ ልጃቸው ትጋግራለች፤ እርሳቸውን ለማጠብና ለማንሣትም ቤት ትውላለች። ከአንድ ስትሮክ ሁለት ሰው ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ተኝተው የዋሉ እንደ ሆነ የአልጋ ቁስል ይከተላል፤ የተቃጠለው እጅ ያመረቅዛል፤ ያን ጊዜ መድኑ ያለ ክርክር የሚከፍለው የሆስፒታል አልጋ ይመጣል። ለጥቂት ጉብኝት አልከፍልም ያለ ካዝና ለዚያ አልጋ መክፈሉ አይቀርም።

ለጎንደር የቤት ለቤት ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልፎ ወደ ገጠር ያወጣ ነበር። በሽታው ያለው በቤቱ ነው፣ ሐኪሙም ወደዚያው ይሂድ የሚል አስተሳሰብ ነበረው። በኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የተቋቋመው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራም በጎንደርና በዙሪያዋ ወረዳዎች የአካል ጉዳተኛ ልጆችን በየቤታቸው ሲጎበኝ ኖሯል፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የመጣው ከውጭ ረጂዎች ነው። ረጂ የዘመን እንግዳ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። በየዓመቱ የሚታደሰው የገበሬው መዋጮ ነው።

ዋጋ ዝርዝሩን የሚያሻሽሉት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ማኅበሩ ሊያቀርብላቸው የሚችለው ማስረጃ ግን በአባላቱ እጅ ይጻፋል። አንድ የሪፈር ወረቀት «የቀኝ እጅ ድካም፤ ፊዚዮቴራፒ ይቀጥል» ቢል ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ለከፋዩ የሚነግረው ነገር የለም። ሌላው እንዲህ ይላል እንበል፤ «ቀኝ እጃቸው ስሜት የለውም፤ ክዳን ሲያነሡ ሁለት ጊዜ ተቃጥለዋል፤ ልጃቸው ትምህርት አቋርጣ ትጋግራለች። ምድጃው ከፍ ቢል፣ ክዳኑ ቢለወጥ፣ ባለሙያ በቤታቸው አራት ጊዜ ቢያሠለጥናቸው ራሳቸው ይጋግራሉ ተብሎ ይታመናል፤ በሦስት ወር ይመርመሩ።» በዚህኛው ወረቀት ላይ አገልግሎቱ ተለይቷል፤ መጠኑ ተቆጥሯል፤ የሚጠበቀው ውጤትና የሚመረመርበት ቀን ተቆርጧል። የወረዳው የመድን ሒሳብ ሠራተኛ ባይከፍልበት እንኳ ምን እንዳልከፈለ ያውቃል፤ በዓመቱ መጨረሻም ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት እንደ መለሰ ሊቈጥር ይችላል።