በደብተራችንና በሱቃችን ውስጥ ስላለው የሰው ምስጢር

(በነዋሪዎች ማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር። በልዩ ልዩ ምክንያት ለስብሰባው መምጣት ላልቻላችሁ እንዲዳረስ በዚህ ሰሌዳ ተለጥፏል።)

የተከበራችሁ የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ በተለይም ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ የዛሬውን ገበያ ትታችሁ የመጣችሁ ነጋዴዎች፤

ከሁሉ አስቀድሞ የይቅርታ ዕዳ አለብን። ባለፈው ክረምት የጥበቃ መዋጮ ያልከፈሉ አባወራዎችና እማወራዎች ስም ዝርዝር ከቤት ቁጥራቸውና ከስልካቸው ጋር በዚሁ ሰሌዳ ላይ መለጠፋችን ይታወሳል። በክፋት አላደረግነውም፤ ገንዘቡ እንዲገባ ብለን ነው። ገንዘቡም ገባ፣ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ከዝርዝሩ ውስጥ ለነበሩ አንዲት እናት ከማይታወቅ ቁጥር ስልክ ይደወላል። ደዋዩ በስማቸው ጠራቸው፤ የቤት ቁጥራቸውን ነገራቸው፤ የቀረባቸውን ውዝፍ እስከ ሳንቲሙ ጠቀሰ። «ከማኅበሩ ነው የምደውለው፣ ብሩን በዚህ ስልክ ላኩልኝ» አለ። እናታችን ንቁ ስለሆኑ «ለጸሐፊው በእጄ እሰጣለሁ» ብለው ዘጉበት። ባይነቁበት ኖሮ ግን ብሩን ያስበላናቸው ሌላ ማንም ሳይሆን እኛ ነበርን። ሌባው መረጃውን ለመስረቅ እንኳ አልደከመም፤ በትልቁ ጽፈን፣ በሙጫ ለጥፈን ሰጠነው። በድሮው አነጋገር ይህ ግለ ሂስ ይባል ነበር። ስሙ ምንም ይባል ምን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዝርዝሩንም በዚያው ቀን አንሥተናል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ዳታ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የስልክ ጥቅል ነው የሚመስለን፤ «ዳታ አለቀብኝ» እንደምንለው። ሕጉ የግል ዳታ የሚለው ግን ሌላ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ነው፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ ፎቶግራፉ፣ የመታወቂያው ቁጥር፣ የት እንደሚኖር፣ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ። ይህ ሁሉ በየሱቃችን አለ። የሰፈራችን ስም ባንክ ይሁን እንጂ የሰው ምስጢር የምናስቀምጥበት ካዝና የለንም፤ ያለን መሳቢያ ነው፣ እሱም ቁልፉ የጠፋ።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ማስመዝገብ ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ ይመስለናል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ቀበሌ የቤተሰቡን ቁጥርም፣ ከኅብረት ሱቅ የሚወሰደውን ስኳርም፣ አድሮ የሚሄደውን እንግዳም ይመዘግብ እንደነበር በመካከላችን ያላችሁ ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ። ወረቀት የያዘ ሰው ሲጠይቀን ለምን ብሎ መልሶ መጠየቅ አልለመደብንም። ዛሬም ቢሆን ልብስ ሰፊው ዘንድ እንኳ ስምና ስልክ ሲሉን እንሰጣለን። መስጠቱ አይደለም ክፋቱ፤ ከሰጠን በኋላ የት እንደሚደርስ አለመጠየቃችን ነው።

ከሁሉ በላይ ልናነሣው የምንፈልገው የፎቶ ኮፒ ቤቶችን ነገር ነው። ሥራቸውን የሚሠሩት የሰውን ሰነድ ይዘው ነውና። የቤት ካርታ፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም በእነሱ በኩል ያልፋል። አሁን አሁን ደግሞ ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ መምጣቱን ትቷል፤ በቴሌግራም ይልክና «አትምልኝ» ይላል። ታትሞ ሦስት ወይም አራት ብር ተከፍሎ ይሄዳል። ወረቀቱ ይሄዳል እንጂ ፋይሉ አይሄድም! እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የራሱን ፋይል ሲፈልግ የአቶ እገሌን መታወቂያ፣ የወይዘሮ እገሊትን የፍቺ ውሳኔ ያያል። ፍላሽ የሰካ ደግሞ ቢፈልግ ገልብጦ ይወስደዋል፤ ማንም አያየውም።

ሌላም አለ። የተበላሸው ኮፒ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከኮሚቴያችን አባላት አንዱ ለልጁ የአሥር ብር ኦቾሎኒ ገዝቶ መጠቅለያውን ሲፈታው የሚያውቀው ሰው ፊት አፍጥጦ አየው። የጎረቤቱ መታወቂያ ኮፒ ነበር፤ ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ አድራሻው፣ ፊርማው ሳይቀር። ኦቾሎኒ ሻጯ ምን ታድርግ? በኪሎ የተሸጠላት ወረቀት ነው። ኮፒ ቤቱም ቢሆን ወረቀት ከሚጣል ብሎ ነው የሸጠው። ነገር ግን በዚያ ወረቀት አንድ አጭበርባሪ ያንን ጎረቤት ነኝ ብሎ ውል ሊፈርምበት፣ ዋስ ሆኖ ሊቀርብበት ቢሞክር፣ ፖሊስ መጥቶ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? ኦቾሎኒው ተበላ፤ ወረቀቱን ግን ለባለቤቱ መልሰንለት ራሱ ቀዶታል።

ስለዚህ ለኮፒ ቤቶቻችን የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። በቴሌግራም የመጣውን ፋይል ደንበኛው ፊት አትሙት፣ ደንበኛው ፊት አጥፉት፤ ከቆሻሻ ቅርጫቱም ጭምር። ደንበኛው ራሱ ወደ ስክሪኑ እንዲያይ አድርጉ። የተበላሸውን ወረቀት ደግሞ ወይ ለባለቤቱ ስጡት፣ ወይ ቀዳችሁ ጣሉት። ይህን ያህል ነው። ደንበኛውም ቢሆን «ቆይ፣ አጥፋልኝ» ለማለት ማፈር የለበትም። ነውር አይደለም፣ መብቱ ነው።

መብት ያልነው በልማድ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን ለትልልቅ ባንኮችና ለቴሌኮም ኩባንያዎች ብቻ የወጣ አድርጎ የሚያስብ አለ፤ አይደለም። ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ብቻም አይደለም የሚመለከተው፤ በሥርዓት ተይዞ የሚቀመጥ የወረቀት መዝገብም ይነካዋል። እንግዲህ የማኅበራችን መዝገብም ገባበት ማለት ነው።

ፍሬ ነገሩን በእኛ ቋንቋ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው። ከሰው የምትወስደውን መረጃ ለምን እንደምትወስደው ንገረው። ለሥራህ ከሚያስፈልግህ በላይ አትውሰድ። ለአንድ ነገር የወሰድከውን ለሌላ ነገር አታውለው። ትክክል መሆኑን አረጋግጥ፣ ሥራው ሲያልቅ አትቆልለው፣ በእጅህ እስካለ ድረስም ጠብቀው። ባለቤቱ ደግሞ «ስለ እኔ ምን ይዘሃል?» ብሎ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ ያለ ምክንያት የተቀመጠውን የማስጠፋት፣ የመቃወምም መብት አለው። የጤና፣ የሃይማኖት፣ የብሔር፣ የጣት አሻራና የመሳሰለው መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የያዙት መረጃ ቢሰረቅ ወይም ቢወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ሦስት ቀን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ምክንያቱም ስብሰባው ሳይጀመር በር ላይ አንድ ወንድማችን «በቃ ስሜን ከውዝፉ ሰርዙልኝ፣ ሕጉ ይፈቅዳል» ሲለን ሰምታችኋል። አይፈቅድም! መረጃን የማስጠፋት መብት ዕዳን የማስጠፋት መብት አይደለም። ያልተከፈለ ሒሳብ፣ ለግብር መያዝ ያለበት ደረሰኝ፣ ሕግ አስቀምጡ ያለው ሰነድ በቦታው ይቆያል። ወንድማችን ይክፈልና እንነጋገራለን።

ወደ ዱቤ ደብተር እንምጣ። ይህ ደብተር ባይኖር ኖሮ ወር መጨረሻ ላይ ስንቱ ቤት ጾሙን ያድር እንደነበር እናውቃለን። «ዱቤ የለም» ብሎ ለጥፎም ቢሆን ለደንበኛው የሚከለክል ባለ ሱቅ በሰፈራችን አላየንም፤ እግዜር ይስጣቸው። ደብተሩ ግን የት ነው የሚቀመጠው? ባንኮኒው ላይ፣ ተገልጦ። ሳሙና ሊገዛ የመጣ ልጅ ቆሞ ያነበዋል። የእገሊት ቤት ሁለት ወር እንዳልከፈለ፣ የእገሌ ባለቤት ዘይት በሩብ ሊትር እንደምትወስድ ማታ በየቤቱ ይወራል። ሰው ሲቸገር ጎረቤት ይወቅለት ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሳይወድ ችግሩ ሲነበብበት ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴት ወደዚያ ሱቅ አትመለስም፤ ባለ ሱቁም ደንበኛ ያጣል፤ ምናልባት ዕዳውንም ጭምር። በዱቤ ደብተር ላይ ስም፣ ቀን፣ ዕቃና ዋጋ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየራሱን ትንሽ ደብተር የሚይዙ ሱቆች አሉ፤ ደንበኛው ሲመጣ የእሱ ብቻ ይወጣል። እኛ ይህን ወደነዋል።

ስለ ፎቶ ቤቶች ብዙ አንልም፤ እነሱን በተመለከተ ሕጉ ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይሰቀልም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ሕጉ ራሱ በቀጣዩ አንቀጽ የሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች አሉ፤ የሠርግ ፎቶ ለማስታወቂያ መስኮት ላይ መስቀል ግን ከነሱ ውስጥ የለም። ሙሽሪትን ጠይቋት፤ አብዛኛዋ ደስ ብሏት እሺ ትላለች። ፀጉር ቤቶችና የውበት ሳሎኖችም በቲክቶክ የምትለጥፉት ቪዲዮ ያው ነው፤ ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ እያለች ከኋላዋ መቅረጽ ይቅር። ጎረቤት አገር ኬንያ የሆነውን እንንገራችሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የኬንያ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት በናይሮቢ ያለን አንድ የምሽት መዝናኛ ቤት የደንበኛን ምስል ያለ ፈቃድ በመለጠፉ 1,850,000 የኬንያ ሽልንግ ቀጥቶታል፤ የተማሪዎችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ የለጠፈ ትምህርት ቤት ደግሞ 4,550,000 ሽልንግ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ቅጣት እስኪመጣ መጠበቅ ያለብን አይመስለንም።

ስልክ ጠጋኞች፤ እናንተ ዘንድ ስልክ ከነኮዱ ይተዋል። የሰው ትዳር፣ የሰው ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነው። ስክሪን ለመቀየር የፎቶ ማኅደር መክፈት አያስፈልግም፤ ከዚህ በላይ አንልም። ነዋሪውም ስልኩን ሲሰጥ ሲምና ሚሞሪውን ያውጣ። ለቴሌብር ወይም ለፋይዳ ማረጋገጫ ብሎ ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን ቁጥር ደግሞ ለወኪልም፣ ለጠጋኝም፣ ከማኅበሩ ነኝ ለሚልም አትንገሩ። ከማኅበሩ ማንም ደውሎ ይህን አይጠይቅም።

መድኃኒት ቤቶቻችን በጎ ምሳሌ ናቸው ማለት እንችላለን፤ ሆኖም ሰልፍ ባለበት የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ይብቃ። ሰው ምን እንደታመመ ሰፈሩ ሁሉ መስማት የለበትም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌላውን ስንመክር የራሳችን ቤት ባዶ እንዳይሆን ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ በሰሌዳው ላይ የማንም ውዝፍ በስም አይለጠፍም፤ ያልከፈለ ሰው ቤቱ ድረስ በታሸገ ወረቀት ይነገረዋል። የአባላት መዝገብ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ በጸሐፊው እጅ ይቆያል፤ ገንዘብ ያዥም ቢሆን ሳያስፈርም አያወጣውም። በመዝገቡ ውስጥ የአባላት ሃይማኖትና የትውልድ ቦታ የሚል ዓምድ ነበር። ለምን እንደገባ ከመካከላችን የሚያስታውስ ሰው አላገኘንም፤ ለጥበቃ መዋጮ ምንም ስለማያደርግ አዲሱ መዝገብ ሲገለበጥ ቀርቷል። አሮጌውንም ኮሚቴው ባለበት እናቃጥለዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

ስለ ራሳችሁ ምን እንደተጻፈ ማየት የምትፈልጉ፣ ስልካችሁ የተቀየረ፣ ስማችሁ ተሳስቶ የገባ፣ ከዚህ ሰፈር የለቀቀ ልጃችሁ አሁንም የተመዘገበ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ዘንድ ቀርባችሁ አሳርሙ። የምታዩት የራሳችሁን ገጽ ብቻ ነው፤ የጎረቤትን እንድናሳያችሁ አትለምኑን። በዝርዝሩ ምክንያት ስልክ የተደወለባችሁ ሌሎች ካላችሁም፣ ብር የላካችሁ ብትኖሩ በተለይ፣ እባካችሁ ሳታፍሩ ለኮሚቴው ንገሩን። ለፖሊስ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ያ በር ላይ የነበረው ወንድማችን ይቅደም።